ርካሹ ዕቃ የተደበቀ ዋጋ አለው

በጎንደር ቅዳሜ ገበያ የሚሸጥ ነገር ሁሉ ይፈተሻል። ገዢዋ ጤፉን በመዳፏ ታሻለች፤ ቅቤውን ታሸታለች፤ በርበሬውን ቆንጠር አድርጋ ትቀምሳለች። ማር ሻጩን ስኳር እንዳልጨመረበት ታስምለዋለች። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ካለፈ በኋላ ግን የገዛችውን የምትይዝበትን ዕቃ ምንነት አትጠይቅም። ቅቤው በፌስታል፣ ማሩ በፕላስቲክ ባልዲ፣ ዘይቱ በጄሪካን፣ ወተቱ በ«ሃይላንድ» ሆኖ ቤት ይገባል። ለዕቃው አሥር ጥያቄ ሲቀርብ ለመያዣው አንድም አይቀርብም።

ጥፋቱ የገዢዋ አይደለም። ሻጩም አያውቅም፤ ለሻጩ ያከፋፈለውም አያውቅም። አምራቹ ግን በውስጡ ምን እንደጨመረ ማወቅ አለበት፤ ካላወቀም ሊጠየቅ ይገባል። ገበያ በትክክል ይሠራል የሚባለው ገዢና ሻጭ ስለ ዕቃው የሚያውቁት ሲቀራረብ ነው። በፕላስቲክ ዕቃ ላይ ይህ ቅርርብ የለም። በዚህ ምክንያት የሚከፈለው ዋጋ ሙሉው ዋጋ አይደለም፤ ቀሪው በጤና በኩል፣ ምናልባትም በልጅ በኩል፣ ዘግይቶ ይከፈላል።

እንስራው ለምን ተሸነፈ?

ፕላስቲክ ገበያውን የያዘው በማታለል እንዳልሆነ አስቀድሞ ማመን ያስፈልጋል። እንስራ ባዶውንም ከባድ ነው፤ አንድ ጊዜ እግር ካዳለጠ ይሰበራል። ከደባርቅ፣ ከዳባት ወይም ከአምባ ጊዮርጊስ ቁልቁለት ካለ ምንጭ ቀድታ ዳገት ለምትወጣ ልጅ፣ 20 ሊትር የሚይዘው ቢጫ ጄሪካን ከባድ ሸክም ቢሆንም ከእንስራው ይቀላል። ክዳንም አለው፤ ውኃውን ከአቧራና ከእጅ ይጠብቃል። በወራጅ ውኃ በሽታ ብዙ ሕፃናት ባለቁበት አገር ይህ ትንሽ ጥቅም አይደለም።

ከተማውም ከዚህ አይለይም። ጎንደር ውኃዋን ከአንገረብ ግድብ እየቀዳች የኖረች፣ ነዋሪዋ ግን ከግድቡ አቅም በላይ የበዛባት ከተማ ናት። ቧንቧ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ጄሪካን፣ በርሜል ወይም ሮቶ የሌለው ቤት ውኃ የለውም ማለት ነው። አሮጌ ጫማና ልብስ እየሰበሰበ ባልዲና ሳፋ የሚሰጠው ልዋጭም ገንዘብ ላጣ ቤት ባለውለታ ነው።

ስለዚህ «ፕላስቲክን ጣሉ» ማለት ለደጋዋ ሴት «እንስራሽን መልሰሽ ተሸከሚ» ማለት ይሆናል። ይህ ጽሑፍ ያን አይልም። የሚለው ሌላ ነው፦ ፕላስቲክ ሁሉ አንድ አይደለም፤ አጠቃቀሙም አንድ አይደለም። ልዩነቱን የማያውቅ ገበያ ግን ሁሉንም በአንድ ዋጋ፣ በአንድ መደብ ላይ ዘርግቶ ይሸጣል።

ሐሰተኛው ብር

ሆርሞን ማለት ዕጢዎች በደም አማካይነት ወደ ሌላው የሰውነት ክፍል የሚልኩት መልእክት ነው። ልጅ መቼ እንደሚጎረምስ፣ ፅንስ ወንድ ወይም ሴት ሆኖ እንዴት እንደሚሠራ፣ ስኳር በደም ውስጥ ምን ያህል እንደሚሆን የሚወስኑት እነዚህ መልእክቶች ናቸው። የሚሠሩትም እጅግ በጥቂት መጠን ነው። በአንድ ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ ያለው ኤስትሮጅን የተባለው የሴት ሆርሞን የሚለካው በትሪሊዮንኛ ግራም ነው።

ፕላስቲክ ለመሥራት ወይም ለማለስለስ ከሚገቡት ኬሚካሎች መካከል ጥቂቶቹ ይህን መልእክት የሚመስል ቅርጽ አላቸው፤ ሌሎቹ ደግሞ መልእክቱ እንዳይደርስ ያውካሉ። በነጋዴ ቋንቋ ሐሰተኛ ብር ናቸው። ሱቁ እውነተኛ መስሎት ይቀበላል፤ ዕቃም ይሰጣል፤ ጉድለቱ የሚታወቀው ሒሳብ ሲዘጋ ነው። «ይህች ጥቂት ነገር ምን ታደርጋለች?» የሚለው የተለመደ መከራከሪያም እዚህ ላይ ይደክማል፤ እውነተኛው ሆርሞንም ቢሆን ሥራውን የሚሠራው በጥቂቱ ነውና።

ነገሩ አዲስ ግኝት አይደለም። ቢስፌኖል ኤ የተባለው ኬሚካል የሴት ሆርሞንን ሥራ እንደሚሠራ እንግሊዛዊው ተመራማሪ ቻርልስ ዶድስ ያሳዩት እ.ኤ.አ. በ1936 ነው። ሁለት ዓመት ቆይተው ዶድስና ባልደረቦቻቸው ዲ.ኢ.ኤስ. የተባለ ብርቱ ሰው ሠራሽ ኤስትሮጅን ሠሩ። ይህ መድኃኒት «ፅንስ እንዳይጨነግፍ ይረዳል» እየተባለ ለነፍሰ ጡሮች ሲታዘዝ ኖረ። እ.ኤ.አ. በ1971 ግን እናቶቻቸው መድኃኒቱን በወሰዱ ወጣት ሴቶች ላይ ያልተለመደ የብልት ካንሰር መታየቱ ታወቀ። እናት የዋጠችውን ልጅ ከፈለችው ማለት ነው።

ቢስፌኖል ኤ መድኃኒት አልሆነም፤ የፕላስቲክ ጥሬ ዕቃ ሆነ። ፖሊካርቦኔት የሚባለው ጥርት ያለ ጠንካራ ፕላስቲክ ከእርሱ ይሠራል፤ የቆርቆሮ ምግብ የውስጥ ቅብም እንዲሁ። ለብዙ ዓመታት የሕፃን ጡጦ በዓለም ገበያ ይሠራ የነበረው ከዚሁ ፖሊካርቦኔት ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በፖሊካርቦኔት ብልቃጥ በከፍተኛ ሙቀት የተቀቀለ ውኃ የኤስትሮጅን ሥራ ሲሠራ አገኙት፤ ምንጩን ሲያጣሩ ከብልቃጡ ውስጥ የወጣ ቢስፌኖል ኤ ሆነ።

ሁለተኛው ቡድን ፋታሌት ይባላል። ፒ.ቪ.ሲ. የተባለውን ደረቅ ፕላስቲክ እንደ ቆዳ የሚያለሰልሰው እርሱ ነው። ከፕላስቲኩ ጋር አጥብቆ ስለማይያያዝ በቀላሉ ይወጣል፤ በተለይ ቅባት ሲያገኝ። በእንስሳት ላይ የወንድ ሆርሞንን ሥራ ማወኩ በሚገባ የታወቀ ነው፤ በሰው ላይ የተደረጉ ጥናቶችም በእርግዝና ጊዜ መጋለጥን ከወንድ ሕፃናት የመራቢያ አካል ዕድገት ጋር አያይዘውታል። የዓለም ጤና ድርጅትና የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2013 ይፋ ባደረጉት ሪፖርት ሆርሞንን እንደሚያውኩ የታወቁ ወይም የተጠረጠሩ ኬሚካሎች ወደ 800 እንደሚጠጉ ገልጸዋል።

ከዕቃው ሥር ያለው ቁጥር

ብዙ ሰው ልብ ባይለውም በብዙ ፕላስቲክ ዕቃ ሥር በሦስት ቀስት የተከበበ ቁጥር አለ። ከ1 እስከ 7 ይሄዳል። 1 ቁጥር እኛ «ሃይላንድ» የምንለው የውኃ ጠርሙስ የሚሠራበት ነው፤ ለአንድ ጊዜ ተብሎ የተሠራ ነው፤ ፀሐይና ሙቀት ሲበዛበት አንቲሞኒ የተባለ ብረት አከል ንጥረ ነገር ወደ ውኃው መልቀቁ ይጨምራል። 2 ቁጥር የጄሪካኑ ነው፤ 5 ቁጥር ደግሞ ብዙውን ጊዜ የምግብ መያዣዎችና የዛሬ ጡጦዎች ናቸው። እነዚህ ሁለቱ ከሌሎቹ ሲወዳደሩ የተሻሉ ናቸው፤ ከቢስፌኖል ኤም የተሠሩ አይደሉም። 3 ቁጥር ፒ.ቪ.ሲ. ነው፤ ለስላሳ ከሆነ ፋታሌት ሊኖርበት ይችላል። 6 ቁጥር ነጩ አረፋ መሰል ኩባያ ነው። 7 ቁጥር «ሌሎች» ማለት ነው፤ ፖሊካርቦኔት እዚህ ውስጥ ይገባል።

ቁጥር የሌለውስ? እዚህ ላይ ነው የገበያው ትልቁ ቀዳዳ። ኢትዮጵያ የፕላስቲክ ጥሬ ዕቃ ከውጭ ታስገባለች። በሐምሌ 2016 ዓ.ም የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የውጭ ጥሬ ዕቃ በብር ሲታሰብ መወደዱ አይቀርም። ጥሬ ዕቃ ሲወደድ አሮጌ ፕላስቲክ ማቅለጥ ያዋጣል። ማቅለጡ በራሱ መልካም ሥራ ነው፤ ለብዙ ቆራሌው እንጀራ ነው። ችግሩ ያለው ምን ከምን ጋር ቀለጠ በሚለው ላይ ነው። የተሰበረ የቴሌቪዥን ሽፋን፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ ልባስ፣ የተባይ መድኃኒት ጠርሙስ አብረው ቀልጠው ጥቁር ባልዲ ወይም ጥቁር ፌስታል ከሆኑ፣ በውስጣቸው የነበረው ሁሉ አብሮ ይሄዳል። ጥቁር ቀለም ብዙ ገመና ይሸፍናል።

ሙቀት፣ ቅባትና አልኮል

ፕላስቲክ በውስጡ ያለውን እንዲለቅ የሚያደርጉት በዋናነት ሦስት ነገሮች ናቸው፤ በጎንደር ኩሽናና ገበያ ሦስቱም አሉ።

የመጀመሪያው ሙቀት ነው። የቀድሞ ባለሙያ እንጀራዋን ከምጣድ አንሥታ ሰፌድ ላይ ታበርደዋለች፤ ከዚያ ወደ መሶብ። ዛሬ ለሽያጭ የሚወጣ እንጀራ ሳይበርድ በላስቲክ ይጠቀለላል። ከምግብ ቤት የሚወሰድ ሽሮ እየተንተከተከ በስስ ፌስታል ይቋጠራል፤ ትኩስ ሻይ በስስ የፕላስቲክ ኩባያ ይቀዳል። ፌስታል ለትኩስ ምግብ ተብሎ የተሠራ ዕቃ አይደለም።

ሁለተኛው ቅባት ነው። ቅቤ በቅል ተቀምጦ ገበያ በሚወጣበት ዘመን ቅሉ ለቅቤው የሚያበድረው ሽታ ብቻ ነበር። ዛሬ በላስቲክ ተጠቅልሎ ፀሐይ ላይ ይውላል።

ሦስተኛው አልኮል ነው። ከደጋው የሚወርደው አረቄ ከጋንና ከገንቦ ወጥቶ በጄሪካን ይጓዛል። ጄሪካኑ ትናንት ዘይት ይሁን፣ ሳሙና ይሁን፣ የአረም መድኃኒት ይሁን የያዘው ጠያቂ የለም። በአገራችን የተባይና የአረም መድኃኒት የነበረበትን ዕቃ አጥቦ ለውኃና ለምግብ መጠቀም የታወቀ ልማድ ነው፤ ከእነዚህ መድኃኒቶች መካከልም ሆርሞንን የሚያውኩ አሉ። ዳሽን ቢራ ከጎንደር ፋብሪካው በጠርሙስ ተሞልቶ ይወጣል፤ ለባዶው ጠርሙስም መያዣ ይጠየቅበታል። ቢራ ጠጪ ያገኘውን ጥንቃቄ አረቄ ጠጪ የሚያጣበት ምክንያት የለም።

እንቅርትን የሚያውቅ አገር

ለሰሜን ጎንደር ደጋ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ምክንያት አለ። የደጋው አፈር አዮዲን ታጥቦ ያለቀበት በመሆኑ እንቅርት የቆየ በሽታው ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ታትሞ የወጣ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጥናት በዳባት ወረዳ ተማሪ ልጆች ዘንድ እንቅርት ገና ያልተወገደ የጤና ችግር መሆኑን አሳይቷል። የእንቅርት ዕጢ የሚሠራው ሆርሞን በማኅፀን ያለ ልጅ አእምሮ የሚገነባበት ነው። ከላይ ከጠቀስናቸው ኬሚካሎች ውስጥ የዚህን ዕጢ ሥራ እንደሚያውኩ ጥናት የሚጠቁማቸው አሉ። አዮዲን የጠገበ ሰው ትንሹን መዛባት ይችለው ይሆናል፤ አዮዲን ያነሳት ነፍሰ ጡር ግን መጠባበቂያ የላትም። ባዶ ካዝና ያለው ነጋዴና ሙሉ ካዝና ያለው ነጋዴ አንዱን ኪሳራ እኩል አይሸከሙትም።

«ገና አልተረጋገጠም» ለሚሉ

ተቃራኒውን ሐሳብ ሳይሰሙ መፍረድ ተገቢ አይደለም። ሳይንቲስቶች በመጠኑ ላይ አልተስማሙም። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2023 ሰው በቀን ቢወስደው አይጎዳውም የሚለውን የቢስፌኖል ኤ መጠን ቀድሞ ከነበረው 20,000 ጊዜ ዝቅ አደረገው። የጀርመን የምርመራ ተቋም ግን «ይህን ያህል መውረድ አልነበረበትም» አለ፤ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት መሥሪያ ቤትም በምግብ ውስጥ በሚገኘው መጠን ጉዳት የለውም የሚል አቋም ሲይዝ ቆይቷል። የአውሮፓ ኅብረት ቢስፌኖል ኤን ከሕፃን ጡጦ እ.ኤ.አ. በ2011 አስወጣ፤ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2024 ደግሞ ምግብ ከሚነኩ ዕቃዎች ባጠቃላይ፣ ከመሸጋገሪያ ጊዜ ጋር፣ እንዲወጣ ወሰነ።

ልብ ይበሉ፦ ክርክሩ ያለው መስመሩ የት ላይ ይሰመር በሚለው ነው። እነዚያ አገሮች የሚከራከሩት ለክተው፣ መዝግበውና ምልክት አድርገው ነው። እኛ ዘንድ ያለው ዝምታ ግን የሳይንስ ጥርጣሬ ሳይሆን አለመለካት ነው። ሁለቱን አንድ አድርጎ ማቅረብ ነጋዴ ሚዛን ሳይኖረው «ኪሎው አከራካሪ ነው» እንደማለት ይሆናል።

«ይህ የሀብታም አገር ጭንቀት ነው» ለሚሉም የገበያ መልስ አለ። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2012 በቻይና ጂዩግዊ በተባለ የታወቀ አረቄ ውስጥ ከተፈቀደው በላይ ፋታሌት ተገኘ። የተፈቀደው በኪሎ 0.3 ሚሊ ግራም ሲሆን የተገኘው 1.08 ነበር። የኩባንያው አክሲዮን ሽያጭ ታገደ፤ የሌሎቹም አረቄ አምራቾች አክሲዮን አብሮ ወደቀ። ከዚያ ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ2011 ታይዋን ውስጥ መጠጥ ለማድፍረስ ፋታሌት የተጨመረበት ማጣፈጫ ተገኝቶ ብዙ ምርት ከመደብር ተለቅሟል። ዛሬ የጎንደር ማር፣ ቅቤና ቅመም ወደ ውጭ ገበያ ይወጣል ብለን ተስፋ እናደርጋለን። የውጭ ገዢ የሚመረምረው ማሩን ብቻ አይደለም፤ ማሩ ከባልዲው የወሰደውንም ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

በ1999 ዓ.ም የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 ውፍረታቸው ከ0.03 ሚሊ ሜትር የማይበልጥና የሚበሰብሱ ስለመሆናቸው ምልክት የሌላቸውን ፌስታሎች ከልክሎ ነበር። ፌስታሉ ግን ከአዋጁ በኋላም በየጉሊቱ ተንሰራፋ። በ2017 ዓ.ም የተወካዮች ምክር ቤት አዲስ አዋጅ አጽድቆ ለአንድ ጊዜ የሚያገለግሉ ፌስታሎችን ከነጭራሹ ከለከለ። ኤርትራ፣ ሩዋንዳና ኬንያ ከእኛ ቀድመው ሄደውበታል፤ መልካም እርምጃ ነው።

ነገር ግን ሁለቱም አዋጆች ፕላስቲክን የሚያዩት እንደ ቆሻሻ ነው፤ ቱቦ የሚደፍን፣ ከብት የሚገድል፣ ከተማ የሚያቆሽሽ አድርገው። ይህ እውነት ነው፤ ግማሽ እውነት ግን ነው። ፕላስቲክ ቆሻሻ ከመሆኑ በፊት የምግብ ዕቃ ነበር። ፌስታል ቢጠፋ እንኳ ጄሪካኑ፣ ባልዲው፣ ጡጦውና የሊጥ በርሜሉ አሉ። ስለ እነርሱ የሚጠየቀው ጥያቄ ውፍረት ሳይሆን ይዘት ነው። ዓለምም ቢሆን ለዚህ ጥያቄ መልስ አላገኘም፤ የፕላስቲክ ስምምነት ለማውጣት እ.ኤ.አ. በኦገስት 2025 ጄኔቫ ላይ የተደረገው ድርድር ያለ ውል ተበትኗል። ስለዚህ ከውጭ መፍትሔ መጠበቅ አያዋጣም።

ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ ለምግብና ለመጠጥ የሚሸጥ ፕላስቲክ ሁሉ ቁጥሩንና የአምራቹን ስም ይያዝ፤ ከቀለጠ አሮጌ ፕላስቲክ የተሠራ ባልዲ «ለምግብ አይሆንም» የሚል ጽሑፍ በአማርኛ ይጻፍበት። ይህን ማስገደድ የደረጃዎች ኢንስቲትዩትና የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሥራ ነው። ማተሚያው ቅርጽ ማውጫው ላይ አንዴ ከተቀረጸ ለእያንዳንዱ ዕቃ የሚጨምረው ወጪ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

ሁለተኛ፣ ከጡጦ እንጀምር። ቢስፌኖል ኤ ያለበት ጡጦ በሌሎች አገሮች ገበያ ከተከለከለ በኋላ ማራገፊያው እኛ እንዳንሆን በጉምሩክ በኩል ምርመራ ይደረግ። ከሁሉ የሚሻለው የእናት ጡት መሆኑን ባለሙያዎች ይነግሩናል፤ ጡጦ ግድ ለሆነባት እናት ግን ቢያንስ ያልተጠረጠረ ይሁንላት።

ሦስተኛ፣ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በ1947 ዓ.ም የጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ሆኖ የተጀመረ፣ የአገሪቱን የጤና መኮንኖች ያፈራ ተቋም ነው። ከቅዳሜ ገበያ፣ ከአዘዞና ከደባርቅ ባልዲ፣ ጄሪካንና አረቄ ወስዶ መርምሮ ውጤቱን ለሕዝብ በግልጽ ቢያወጣ፣ ከብዙ ዐውደ ጥናት የበለጠ ይጠቅማል።

አራተኛ፣ ሸክላ ይታሰብበት። ከጎንደር በቅርብ ርቀት ያለችው ወለቃ በቤተ እስራኤላውያን ሸክላ ሠሪዎች የታወቀች መንደር ነበረች። በ1983 ዓ.ም ከነበረው ጉዞ በኋላ አብዛኞቹ ወደ እስራኤል ሄደዋል፤ ሙያው ግን ከናካቴው አልጠፋም። ሸክላ ሠሪን «ቡዳ» እያለ ሲያገልል የኖረ ኅብረተሰብ ለቱሪስት ከሚሸጥ ትንሽ ምስል ያለፈ ነገር ቢጠይቃት አቅሙ አላት። ውኃ ለመቅጃ ጄሪካኑ ይቆይ፤ ለማይንቀሳቀሰው ግን፣ ለሊጡ ቡሃቃ፣ ለጠላው ጋን፣ ለጠጁ ገንቦ ይመለስ። ይህ የናፍቆት ነገር አይደለም፤ ሥራ ፈጠራ ነው።

አምስተኛው ገንዘብ አይጠይቅም። ትኩስ ወጥ በፌስታል አይቋጠር፤ ሳህን ወይም ሰሃኒት ይያዝ። እንጀራ ይብረድ። የሃይላንድ ውኃ ፀሐይ ላይ አይዋል። የመድኃኒት ዕቃ ይቀደድ እንጂ አይታጠብ። የተፋቀና የተሰነጠቀ ባልዲ ለልብስ ማጠቢያ ይውረድ። ይህን ለማድረግ አዋጅ መጠበቅ አያስፈልግም።

አበው «በሬ ሆይ፣ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ» ይላሉ። ገደሉ ገና ሩቅ ነው የሚል ይኖራል፤ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ይህን ዕዳ የሚከፍለው የዛሬው ገዢ ላይሆን ይችላል። በገበያው መካከል እናቷ ጀርባ ላይ የታዘለችው፣ ስለ ዋጋ ተከራክራ የማታውቀው ሕፃን ልትሆን ትችላለች። ያልተዋዋለን ሰው ባለዕዳ ማድረግ ደግሞ በየትኛውም ገበያ ነውር ነው።